ሙሽራው፣ ሽማግሌዎቹ እና የእኔ ፊርማ

ሰኞ

ስሜን አየሁት። ከነአባቴ ስም። ከስሩ በጣቴ የሞነጫጨርኩት ፊርማ፣ ዶሮ የጫረችው የመሰለ፣ ግን የእኔው።

የላከችልኝ ሊያ ናት። ቢሮ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው፤ እዚሁ ቶሮንቶ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛ ሰምታ በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ። መልእክቷ አንድ መስመር ነው፦ «ኢዝ ዚስ ዩ?» ከስሩ ሊንክ። ስከፍተው የውድድር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለሕዝብ ያወጣው ሰነድ ነው። አንድ ትልቅ የቪዲዮ ጌም ኩባንያ የእኛን ስቱዲዮ ልግዛ ካለ ወዲህ መንግሥት ጉዳዩን እየመረመረ ነው፤ ተጫዋቹ ምርጫ ያጣል ወይ፣ ሥራ ይዘጋል ወይ፣ ትንንሾቹ ይዋጣሉ ወይ እያለ። አስተያየት ያለው ሰው እስከ ዓርብ የሥራ ሰዓት ማብቂያ ድረስ መላክ ይችላል።

ገዢውን እኔ «ሙሽራው» ነው የምለው። ሙሽሪት እንግዲህ እኛ ነን። ማንም ፈቃዳችንን አልጠየቀም ብዬ ነበር፤ ለካ እኔ ፈቅጃለሁ! በጽሑፍ!

ደብዳቤው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው የሚለው፦ «የጌሙን የአማርኛ ቅጂ የምፈትሽ ሠራተኛ እንደመሆኔ፣ ከውህደቱ በኋላ ቡድናችንም ሆነ የአማርኛው ቅጂ እንደሚቀጥሉ በራሴ አረጋግጫለሁ።»

በራሴ። አረጋግጫለሁ። ምኑን? የት ሄጄ? ማንን ጠይቄ?

የፈረምኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ የቢሮው ኪችን ውስጥ፣ በአንድ እጄ ሳንድዊች ይዤ። አለቃዬ አሸናፊ ታብሌቱን ዘረጋልኝና «ሰኑ፣ እስቲ ይቺን ሳይን አድርጊልኝ፤ ቲማችንን ሰፖርት የምታደርግ ሌተር ናት» አለኝ። ሳንድዊቹን እንኳ አላስቀመጥኩም። በነጻዋ ጣቴ ጫር አደረግኩና ወሬያችንን ቀጠልን።

ምን ልበለው? «ቆይ ላንብበው» ልበል? አሸናፊን? እዚህ አገር እንደመጣሁ የቀዘቀዘ ሥጋ መጋዘን ውስጥ ጣቶቼ እየደነዘዙ ካርቶን ስደረድር፣ «አንቺ ልጅ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ፣ ሲቪሽን ላኪልኝ» ያለኝ እኮ እሱ ነው። በእኛ ቤት «ቆይ ላንብበው» ማለት «አላምንህም» ማለት ነው። ይሉኝታ የሚሉት ነገር አንድ ቀን አንገቴን ይዞ ይሰቅለኛል እል ነበር። ይኸው።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው፦ የእኔ ሥራ አለማመን ነው። ጌሙ ውስጥ ያለ በር ይከፈታል ሲሉኝ መቶ ጊዜ እከፍተዋለሁ፤ ጀርባ ዞሬ እከፍተዋለሁ፤ እየዘለልኩ እከፍተዋለሁ። የማይታመነውን በር ለማግኘት ነው የተቀጠርኩት። ለመንግሥት የሚሄድ ወረቀት ላይ ግን ሳላይ ፈረምኩ።

ዛሬ የተሳካልኝ ነገር፦ ስልኬን ግድግዳ ላይ አልወረወርኩም።

ማክሰኞ

ባሰበት።

ሊያ ምሳ ሰዓት ላይ ላፕቶፗን ወደ እኔ አዞረችው። እኛ ጋ ስህተት ሲገኝ ቲኬት ይከፈትለታል፤ ስህተቱ ሲስተካከል እንደገና እንፈትሽና ቲኬቱ ይዘጋል። የአማርኛው ቅጂ ከመቶ በላይ ክፍት ቲኬት ነበረው። አብዛኛው በእኔ እጅ የተጻፈ። ለምሳሌ፦

የጀልባው ሽማግሌ ሲናገር ፊደሎቹ በባዶ ሳጥን ይታያሉ።

የመንደሩ ሰው ሁሉ ሴቷን ተጫዋች «ና» ይላታል።

ረጅም ዓረፍተ ነገር ግማሹ ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል።

ሁሉም ተዘግተዋል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጠቅታ። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «አይስተካከልም» ተብሏል። የዘጋው ሰው፦ አሸናፊ። ቀኑ ደግሞ እኔ ከመፈረሜ በፊት ባለው ቀን ነው።

ማለትም ቅጂው እንደሞተ እያወቀ ነው ታብሌቱን ይዞ የመጣው። ቀብሮት መጥቶ ነው «በሕይወት እንዳለ አረጋግጫለሁ» ብለሽ ፈርሚ ያለኝ። ቅጂው ከሌለ የአማርኛው ፈታሾች ስድስታችን ምን ልንፈትሽ ነው? መስኮት?

ሄድኩበት። በሩን ዘጋሁ፤ በሩ ምስክሬ ነው፣ ጮኼአለሁ። መጀመሪያ «ሲስተሙን ክሊን እያደረግን ነው» አለኝ። ቀጥሎ «ከላይ የመጣ ነው፣ እኔ ምን አቅም አለኝ» አለ። ቀጥሎ «ዲሉ ካልጸደቀ ስቱዲዮው እንዳለ ይዘጋል፤ ያኔ ስድስት ሰው ሳይሆን ሁላችንም ነን ሌይ ኦፍ የምንደረገው» አለ። ይሄኛው እውነት ሊሆን ይችላል። እሱን ግን በራሱ ስም ይጻፈው! እኔ «ደብዳቤዬን ከመዝገቡ አነሳለሁ፣ ያየሁትንም እጽፋለሁ» አልኩት።

ያኔ ቀና ብሎ አየኝና ዝግ ባለ ድምፅ «ከፍሪዘር ውስጥ ያወጣሁሽ እኔ ነኝ፣ ሰናይት» አለ።

ሰናይት አለኝ፤ ሰኑ አላለኝም።  በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ባቡር ውስጥ እስከ ቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ ድረስ ስንት መልስ መጣልኝ መሰለሽ፣ ማስታወሻዬ! አንዱም ቢሮ ውስጥ አልመጣም።

ረቡዕ

ከቤት ነው የሠራሁት። ሠራሁ ካልን።

ጠዋት ከሕግ ክፍል ለሁሉም ሠራተኛ ኢሜይል መጣ። ለስለስ ያለ፣ የሚያስጠላ። «ከተቆጣጣሪው አካል ጋር የሚደረግ ማንኛውም ግንኙነት በቅድሚያ በእኛ በኩል እንዲያልፍ በአክብሮት እንጠይቃለን።» በአክብሮት። የእኔን ፊርማ ሲወስዱ አክብሮቱ የት ነበር?

የምፈራቸው ነገሮች፦ ከሥራ መባረር። ተባርሬ ሌላ ስቱዲዮ ስጠይቅ «አሸናፊን እንጠይቀው» መባል። መጋዘኑ። እውነት ለመናገር ከሁሉም በላይ መጋዘኑ። አንዳንዴ በሕልሜ ካርቶን እደረድራለሁ።

ደብዳቤውን አራት ጊዜ ጀመርኩት። አንዱ ስድብ ሆነ። አንዱ ልመና ሆነ። ሦስተኛው ላይ የሕይወት ታሪኬን ስጽፍ ራሴን ያዝኩትና አጠፋሁት። አራተኛው «ክቡራን ሆይ» ላይ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘነበች ደወሉ። የሴቶች ማኅበሩን የሚመሩት፣ እዚህ ሰፈራችን፣ ክሬሰንት ታውን ውስጥ፣ የወለደችና የታመመች ሁሉ የምታውቃቸው እሳቸው ናቸው። «ነገ ቤት ነሽ ወይ ልጄ? እኔና ጋሽ ወልዴ ብቅ ልንል አስበን ነበር» አሉ። ጋሽ ወልዴ! ጋሽ ወልዴ እንዲሁ ብቅ አይሉም። ሠላሳ ስንት ዓመት እዚህ ከተማ ሲኖሩ የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተካሰሰ ሸሪክ፣ ሁሉም እሳቸው ፊት ነው የሚቀመጠው። ሁለቱ አንድ ላይ ከመጡ ሽማግሌነት ነው።

ወዲያው የታየኝ ባል ነው። ማነው የላካቸው እያልኩ የማውቀውን ወንድ ሁሉ ቆጠርኩ። ያ ከቤተ ክርስቲያን መልስ «በመኪና ላድርስሽ» የሚለኝ ሰውዬ ይሆን? በንዴቴ መሀል ሳቄ መጣ። ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ካሉት ሱቆች ብስኩትና ሻይ ገዛሁ፣ ሶፋው ላይ የተከመረውን ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ጠቀጠቅኩ፣ መስታወት ፊት ቆሜ «ገና ነኝ፣ ላስብበት» ማለት ተለማመድኩ።

ሐሙስ

ባል አይደለም።

 በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ብርቱካን ይዘው መጡ። ተቀመጡ፤ ሻይ ቀዳሁ። ስለ ብርዱ ተወራ። ሊፍቱ እንደገና መበላሸቱ ተወራ፤ ጋሽ ወልዴ በዚያ ጉልበታቸው ስድስት ፎቅ በእግር ነው የወጡት። ከዚያ እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካከሉና «ልጄ፣ አንዱ ልጃችን ሌላውን ልጃችንን መንግሥት ዘንድ ልትከሰው ነው ሲሉ ሰምተን ነው የመጣነው» አሉ።

አሸናፊ! ከዌስተን፣ ከዚያኛው የከተማ ጫፍ ተነስቶ፣ በሥራ ቀን፣ እዚህ ድረስ መጥቶ ሽማግሌ ላከብኝ! ለኩባንያ ውህደት ሽማግሌ! ሙሽራው በጠበቃ አልበቃው ብሎ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ላከ። ሽማግሌ ወደ ሴት ቤት ሲመጣ ለትዳር ነው ብዬ ሙሉ ቀን ቤት ሳጸዳ የዋልኩት እኔ ሞኟ።

የነገራቸውን ስሰማ ደግሞ ደሜ ፈላ። ዕድገት ስለከለከለኝ ቂም ይዤ ስሙን ላጠፋ ነው ብሏቸዋል። የቱን ዕድገት? ጠይቄ አላውቅም!

ጮክ ብዬ እንዳልናገር ሳህኑን ይዤ ብስኩት ዙሪያውን አቀረብኩ። ማንም አላነሳም። እትዬ ዘነበች ቀጠሉ፤ እሱ ባለትዳር ነው፣ የልጆች አባት ነው፣ ስንት አበሻ እዚያ ቤት አስቀጥሯል፣ የእኛን ጉዳይ ፈረንጅ ፊት ማውጣት ነውር ነው።  በመጨረሻ ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ብዙ አንልሽም። ተዪው አንልሽም። ለእኛ ለሽማግሌዎቹ ስትዪ እስከ ሰኞ ብቻ ቆዪልን። ሰኞ ሁለታችሁንም እናስቀምጣለን» አሉ።

እስከ ሰኞ። እንዲህ ያለ ቀላል ልመና! ማን እምቢ ይላል? ሽማግሌ ስድስት ፎቅ ወጥቶ ሦስት ቀን ስጪን ሲልሽ እምቢ ማለት እኮ ሰው አለመሆን ነው። «እሺ ጋሼ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እንደ ታብሌቱ ጊዜ፣ ጫር ላደርገው።

ከዚያ ሳህኑን አስቀመጥኩት። ያኔ ሳንድዊቹን አላስቀመጥኩም ነበር። «ጋሼ፣ እሺ ከማለቴ በፊት አንድ ነገር ላንብብልዎ» አልኩ።

ደብዳቤውን ከስልኬ ላይ እየተረጎምኩ በአማርኛ አነበብኩላቸው። በእንግሊዝኛ ሲነበብ የቢሮ ወሬ ይመስላል። በአማርኛ፣ በእኔ ድምፅ፣ እሳቸው ፊት ሲነበብ መሐላ ሆነ። «በራሴ አረጋግጫለሁ» ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋቸው።

ጋሽ ወልዴ በሱዳን በኩል ከመሰደዳቸው በፊት ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ። እዚህ ዕድሜያቸውን ታክሲ ነድተዋል፤ ጆሯቸው ግን ፍርድ ቤት ነው የቀረው። «አረጋግጫለሁ ያልሽውን አይተሻል?» አሉኝ። አላየሁም። «ፊርማው ያንቺ ነው?» የእኔ ነው። «ሳታነቢ ለምን ፈረምሽ?» አፍሬ ነው ጋሼ፣ ውለታ አለብኝ። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ይህን መልስ በሕይወታቸው ስንቴ እንደሰሙት እንጃ።

ከዚያ ስለ ዓርቡ ነገርኳቸው። ነገ የሥራ ሰዓት ሲያልቅ መዝገቡ እንደሚዘጋ፣ ሰኞ የምጽፈው ነገር ቅርጫት እንደሚገባ፣ ደብዳቤው ግን በስሜ ፋይሉ ውስጥ እንደሚቀር።

ጋሽ ወልዴ ሻዩን በዝግታ አስቀመጡ። «እስከ ሰኞ ብላችሁ ለምኑልኝ ያለን እሱ ነው» አሉ፤ ወደ እትዬ ዘነበች ዞረው። «ቀኑን ያወጣው እሱ ነው።» ፊታቸው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሠላሳ ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ያስታረቁበትን ስማቸውን አንድ ሰው ቀን ለማሳለፊያ ተጠቀመበት። «ሽማግሌ የሚላከው ለማስታረቅ ነው። ቀጠሮ ለማሳለፍ የሚላከው ጠበቃ ነው» አሉና ምርኩዛቸውን ፈለጉ። «ተነሺ ዘነበች።»

ላኪው ወይም አትላኪው አላሉኝም። 

እትዬ ዘነበች ግን በር ላይ ዘወር ብለው «ምንም ቢሆን የበሉበትን ወጪት መስበር ጥሩ አይደለም» አሉኝ። ወጪት ሰባሪ። እኔ። ብርቱካኑን ሳልነካው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ባየሁት ቁጥር እንደገና እናደዳለሁ።

ዓርብ

ላክሁት።

በመጨረሻ እንዴት እንደጻፍኩት፦ እንደ ቲኬት። ሌላ መጻፍ አልችልበትም፤ ለካ አራት ጊዜ የሞከርኩት የሌላ ሰው ደብዳቤ ነበር።

ርዕስ፦ በስሜ የቀረበው ደብዳቤ እውነት አይደለም።

የተደረገው፦ ደብዳቤው ቀረበልኝ። አላነበብኩም። ፈረምኩ።

መሆን የነበረበት፦ የፈረምኩትን ማረጋገጥ።

የሆነው፦ ምንም አላረጋገጥኩም። የአማርኛው ቅጂ ስህተቶች በሙሉ ከመፈረሜ አንድ ቀን በፊት «አይስተካከልም» ተብለው እንደተዘጉ በዓይኔ አይቻለሁ። ደብዳቤዬን አንስቻለሁ።

ክብደት፦ ከፍተኛ።

የማንንም ስም አልጻፍኩም። ቢጠይቁኝ እናገራለሁ። ሳይጠይቁኝ አልጻፍኩም። ይሄ ደግነት ይሁን ፍርሃት አላውቅም።

ከመላኬ በፊት አሸናፊ ቢሮ ሄድኩ፤ ከኋላው እንዳደረግኩት እንዳይል። «አሁን ልልከው ነው» አልኩት። ጸጉሩ አልተበጠረም። «ጋሽ ወልዴ ትናንት ደውለውልኛል» አለ። ምን አሉህ? «ምንም። ስሜን ጠሩና ዝም አሉ። ከዚያ ዘጉት።» ለአንድ አፍታ አሳዘነኝ፤ ማዘኔ ደግሞ መልሶ አናደደኝ። እንዲህ አድርጎኝ ላዝንለት ነው? «ቂም ይዛ ነው ያልከው ለምንድን ነው?» አልኩት። ኮምፒውተሩን አየ እንጂ እኔን አላየኝም። አንድ ሰው ሲዋሽ ይቅርታ ባይጠይቅ እንኳ ቀና ብሎ ማየት እንዴት ያቅተዋል!

ጠረጴዛዬ ጋ ተመልሼ «ላክ» የሚለውን ተጫንኩት። «ደርሶናል» የሚል መልስ ወዲያው መጣ፤ የማሽን መልስ። ሊያ ከጎኔ «ዲድ ዩ?» አለች። ራሴን ነቀነቅኩ። ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ ሥራዋን ቀጠለች።

ቅዳሜ

ብርቱካኑን በላሁት። ጣፋጭ ነበር፤ እሱም አናደደኝ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ስገባ ወሬ ቆመ። ሁሉም አይደለም፤ አንድ ጠረጴዛ። በቂ ነው። እትዬ ዘነበች ሰላምታዬን በአገጫቸው ተቀበሉ። አንዷ ሴትዮ ከኋላዬ፣ እንድሰማ አድርጋ፣ «ለጌም ብላ እኮ ነው!» አለች። ዞሬ «ለጌም አይደለም፣ ለስሜ ነው» አልኳት። 

አሸናፊም ሚስቱም አልመጡም።

ጋሽ ወልዴ ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ምርኩዛቸውን አንስተው ጠሩኝ፤ ሰው ሁሉ እያየ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ስለ ደብዳቤው አንድም ቃል አላነሱም። ልነሳ ስል ብቻ «እሱም ልጃችን ነው፤ ይህ ነገር ይለፍና ዳግም እመጣለሁ። ያኔ በራሴ ቀጠሮ ነው የምመጣው» አሉ። አሁን መታረቅ አልፈልግም። አልኳቸውም። «ማን አሁን አለሽ?» አሉኝ።

ሰኞ

ሽማግሌዎቹ ቆዪልን ያሉኝ ሰኞ ይሄው መጣ።

ጠዋት ቢሮ እስክገባ ድረስ መግቢያ ካርዴ እንደማይከፍት እርግጠኛ ነበርኩ። ከፈተ። ማንም አላናገረኝም። አራት ሰዓት ገደማ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አንዲት ሴት ደወለች፤ ደረጃ ላይ ወጥቼ አነሳሁት። በትሕትና ጠየቀችኝ፤ ደብዳቤዬ በፈቃዴ መነሳቱን አረጋገጠች። ከዚያ «ስህተቶቹ ተዘግተዋል ያልሽው አሁንም እንደዚያ ናቸው?» አለችኝ። አዎ ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። «አይቼ ልንገርሽ» አልኳት።

ተመልሼ ሲስተሙን ከፈትኩ።

ተከፍተዋል።

ሁሉም አይደሉም። ወደ አርባ ገደማ። ሲዘጉ በአንድ ጠቅታ ነበር፤ ሲከፈቱ ግን አንድ በአንድ ነው። በመሀላቸው ሁለት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ አለ። የተከፈቱት ትናንት እሑድ ነው፤ ሰው ቤተ ክርስቲያን በነበረበት ሰዓት። የከፈተው ሰው፦ አሸናፊ።

ለምን? ሊያ ወዲያው «ሂ ኢዝ ትራይንግ ቱ ሜክ ዩ ሉክ ላይክ ኤ ላየር» አለች፤ ውሸታም ሊያስመስልሽ ነው ማለቷ ነው። ሊሆን ይችላል። መንግሥት ቢጠይቅ «ይኸው ክፍት ናቸው፣ ልጅቷ ዋሽታለች» ሊል ነው። ወይም ጋሽ ወልዴ ስሙን ጠርተው ዝም ማለታቸው እንቅልፍ ነስቶት ነው። ውሸት ለማስመሰል ከሆነ እኮ በአንድ ጠቅታ ይከፍታቸው ነበር። አርባ ጊዜ ለምን ይደክማል? ወይስ እንዲህ እንድል ነው የደከመው? አላውቅም። ክፍሉ በመስታወት በኩል ይታየኛል፤ ጀርባውን ነው የሰጠው። ሄጄ ልጠይቀው ተነሳሁ፤ ተቀመጥኩ። ቢነግረኝስ አምነዋለሁ?

ለሴትዮዋ ደወልኩ። «አርባ ያህሉ ትናንት ተከፍተዋል። መከፈታቸውን አይቻለሁ፤ መስተካከላቸውን ግን አላየሁም» አልኳት። ስትጽፍ ይሰማኛል።

ከዚያ የመጀመሪያውን ቲኬት ወሰድኩ። የጀልባው ሽማግሌ። ጌሙን ከፍቼ ወንዙ ዳር ወረድኩ፤ ሰላም አልኩት። መለሰልኝ፤ በባዶ ሳጥን። ዞሬ ሰላም አልኩት፣ ሳጥን። ወጥቼ ተመልሼ ገብቼ ሰላም አልኩት፣ ሳጥን።

ቲኬቱ ላይ «አልተስተካከለም» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ከስሩ ስሜን አስገባሁ።